ልረዳው ብዬ ልጄን አስቀየምኩት፤ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ላይ የወላጅ ድርሻ እስከ የት ነው?

የበኩር እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የመጀመሪያ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃን ይጨርሳል። መማር የሚፈልገው ኢንጂነሪንግ ነው። ኮመን አፕ በሚባለው የማመልከቻ ድረ ገጽ በኩል ለሰባት የአሜሪካ፣ ዩካስ በሚባለው የእንግሊዞቹ ማመልከቻ በኩል ደግሞ ለአምስት የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሊያመለክት ነው። ዩካስ ከአምስት በላይ አያስመርጥም እንጂ ቢፈቀድለት አሥርም ያደርሳቸው ነበር። እኔና አባቱ በዚህ መንገድ አላለፍንም። ሁሉም ነገር አዲስ ነው የሆነብን።

ኮመን አፕ ኦገስት 1 ከተከፈተ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እሱ ከሚያነበው በላይ የማነበው እኔ ነኝ። ስልኬ ውስጥ ያለው ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ገጽ ነው።

ዋናው ጉዳይ ድርሰቱ ነው። ለአሜሪካዎቹ አንድ ድርሰት ይጻፋል፤ ከ250 እስከ 650 ቃላት። ልጄ ሦስት ሳምንት ሠራበት። አንድ ማታ ጉግል ዶክስ ላይ ከፍቶ "እማ፣ እስቲ አንብቢው" አለኝና ሄዶ ተኛ።

ስለ ታናሽ እህቱ ነው የጻፈው። ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው፤ ትንተባተባለች። "እህቴ በ'መ' የሚጀምር ቃል ላይ ስትደርስ ትቆማለች" ይላል። "ቃሉን እኔ አውቀዋለሁ። ድሮ ቶሎ ብዬ እጨርስላት ነበር። አንድ ቀን እጇን አፌ ላይ አደረገች። ከዚያ ወዲህ እጠብቃታለሁ።" የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እንደገባኝ ነው ያስቀመጥኩላችሁ።

ደነገጥኩ። ይሄን የማያውቀን ሰው ሊያነበው ነው? ደግሞስ የሂሳብ ውድድሩ የት አለ? ሁለተኛ የወጣበት? ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያቋቋመው የሮቦት ክበብስ? እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። የእህቱን አንቀጽ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አሳጠርኩት። ውድድሩን አስገባሁ። መጨረሻው ላይ "ዓለምን የመለወጥ ህልም አለኝ" የሚል ጨመርኩ። ቃሎቹን ከፍ ላድርጋቸው ብዬ መዝገበ ቃላት ሳይቀር አገላበጥኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ጠዋት ገና ፊቱን ሳይታጠብ ላፕቶፑን ከፈተ። ከላይ እስከ ታች አነበበው። አንድ ቦታ ላይ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ቆየ፤ የእህቱ አንቀጽ የነበረበት ቦታ ላይ። ከዚያ ቀና ብሎ "ይሄ የማነው?" አለኝ። አልጮኸም። ላፕቶፑን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ማታ ልገባ ስል ዶክመንቱ አልከፍት አለኝ። አውጥቶኛል።

ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሳናግረው ይመልስልኛል፤ "እሺ"፣ "አይ"፣ "በልቻለሁ"። ስለ ማመልከቻው ግን አንዲት ቃል የለም።

አባቱ "ተይው፣ ትልቅ ሰው ነው" ይለኛል። እንዴት ነው የምተወው? ከሰባቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የሚዘጉት ጃንዋሪ 1 ነው። ቢቀረን ስድስት ሳምንት ነው። የመምህራን ደብዳቤ አለ። የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። የገንዘቡ ነገር ደግሞ አለ፤ ስለ እሱ ከልጁ ጋር ገና ቁጭ ብለን አላወራንም። ጫና እንዳይሆንበት ብለን ነው።

የእኔ ሥራ የቱ ነው? የእሱስ? ልጆቻችሁን በዚህ ያሳለፋችሁ እስቲ ንገሩኝ። ወይስ ጨርሼ እጄን ላውጣ?


የሁለት አባት፦

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ያውም ከአንቺ የባሰ። እጅሽን ጨርሰሽ አታውጪ። አንቺን የሚጠብቅ ብዙ ሥራ አለ፤ ድርሰቱ ላይ ግን አይደለም።

ይቅርታ ጠይቂው። "ግን እኮ ለአንተው ብዬ ነው" የምትለዋን አትጨምሪባት። እኔ ለትልቋ ልጄ ይቅርታ ስጠይቅ ያቺን "ግን" አስገባሁና የቀረው ሁሉ ከንቱ ሆነ። የጻፈው ጠፋ ብለሽም አትጨነቂ። ጉግል ዶክስ የቀድሞውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ የዚያን ማታውን ቅጂ ይመልሰዋል። ራሱ ይመልሰው።

አሁን እኔን ወዳሳሰበኝ ልምጣ፤ ገንዘቡ።

ትልቋ ልጄ ስታመለክት እኛም እንደናንተው ዝም አልን። ጫና እንዳይሆንባት። ማርች ላይ ከምትፈልገው ዩኒቨርሲቲ "ተቀብለንሻል" የሚል መጣላት። ዘለለች፣ አለቀሰች፣ እናቷን አንስታ አዞረቻት። ከሁለት ቀን በኋላ የክፍያውን ደብዳቤ ከፈትነው። ጥቂት ቀንሰውልናል፤ የቀረው ግን የእኔና የባለቤቴ የዓመት ደመወዝ ተደምሮ አይደርስበትም። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "ታውቁ ነበር?" አለችኝ። እናውቅ ነበር። አምስት ዓመት ሆነው። አሁንም ያንን ደረጃ ስወጣ ትዝ ይለኛል።

ከሁለተኛው ልጅ ጋር ዝርዝሩን ከማውጣቱ በፊት ቁጭ አልን። በዓመት ይሄን ያህል እንችላለን፤ ብድር እስከዚህ ድረስ እንወስዳለን፤ ከዚያ በላይ ግን አንችልም አልነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍንለት። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። ቆየና "እሺ፣ እንዲህ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ላውጣቸው" አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ያህል ፈርተነው የነበረው ወሬ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ቁጥራችሁን ስትነግሩት ይሄንንም እወቁ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር አመልካች ሲመርጡ መክፈል መቻሉንም ያያሉ። ብዙ እርዳታ የሚፈልግ ልጅ መግባቱ ይከብደዋል። አቅምን ሳያዩ የሚመርጡና የጎደለውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከነሱ ውስጥ ናቸው። እነሱ ደግሞ ከመቶ አመልካች አሥር እንኳ አይወስዱም። እንግሊዝ የውጭ ተማሪ የሚከፍለው ከአገሬው ተማሪ በጣም ይበልጣል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉውን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ማግኘትም ከባድ ነው። ልጅሽ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የገንዘብ እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። እንግዲህ ዝርዝሩ በዚህ መልክ መታየት አለበት። ሰባቱም ከፍተኛ እርዳታ የሚፈልግ ልጅን የሚገፉ ከሆኑ ገና ሳይጀመር አልቋል።

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ቅጽ አለ። ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች እርዳታ ለመስጠት ይጠይቁታል። ይሄ የአንቺና የባለቤትሽ ሥራ ነው። ደመወዝ፣ ቁጠባ፣ ቤት፣ ዕዳ፣ አንድም አይቀርም። የ17 ዓመት ልጅ ከየት አምጥቶ ይሞላዋል? እኔ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፈጅቶብኛል። የሚተረጎም ሰነድ ካላችሁ ዛሬ ጀምሩ።

ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለውንም፣ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ቀድሞ የሚገባውን ማመልከቻ ማለቴ ነው፣ አደራ። ልጁ በዚያ በኩል ከገባ የመሄድ ግዴታ አለበት፤ ስምምነቱ ላይ ወላጅም ይፈርማል። የመጀመሪያው ዙር አልፏል፤ ሁለተኛ ዙር ያላቸው ግን ጃንዋሪ ላይ ይቀበላሉ። ገንዘቡን ሳታውቂ ፊርማሽን አታስቀምጪ።

ስም ደግሞ አለ። ልጄን ለእንግሊዝኛ ፈተና የመዘገብኳት እኔው ነበርኩ። ፓስፖርቷ ላይ አንድ "ኤስ" ነው፤ እኔ ሁለት አስገባሁ። ከፈተናው በር መለሷት። እሷ ስድስት ወር ተዘጋጅታ፣ በእኔ አንድ ፊደል። ፓስፖርቱን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የፈተና ምዝገባውንና ማመልከቻውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጊና ፊደል በፊደል አስተያዪ። አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ቀድሞ ወስዶ ከሆነ ቀኑንም እዪ፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ውጤት አያገለግልም።


መምህር፦

እንደምን አላችሁ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ከሃያ በላይ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ልጆቹም ድርሰታቸውን ያሳዩኛል።

እህቴ፣ የእህቱ አንቀጽ ይመለስ። እባክሽ። ውድድሩና ክበቡ ኮመን አፕ ላይ የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ እስከ 10 እንቅስቃሴ፣ እስከ 5 ሽልማት ይሞላል። ድርሰቱ ላይ ደግሞ መምጣት የለባቸውም። "ዓለምን የመለወጥ ህልም አለኝ" የሚለውን ዘንድሮ ብቻ አራት ልጆች ጽፈው አምጥተውልኛል። እህቱ እጇን አፉ ላይ ያደረገችበትን ልጅ ግን ከአንቺ ነው የሰማሁት፤ ጽሑፍሽን ካነበብኩ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

የወላጅ እጅ ያረፈበት ድርሰት ይታወቃል። ክፍል ውስጥ "ገረመኝ" የሚል ልጅ ወረቀት ላይ "ጥልቅ አድናቆት አሳደረብኝ" ሲል አንባቢው ይነቃል። ልጁ ደግሞ ሲያስገባ "የራሴ ሥራ ነው" ብሎ ይፈርማል። ያንን ፊርማ ከልቡ መፈረም መቻል አለበት። ማገዝ ከፈለግሽ አንብቢና ጠይቂው። "እዚህ ጋ ምን ሆነ? ያን ቀን እሷ ምን አለች?" ብለሽ። መልሱን እሱ ይጽፈዋል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እህቱን አስፈቅዷታል? ዘጠኝ ዓመት ትንሽ አይደለም። ታሪኩ የሷም ነው።

የእንግሊዙ ሌላ ነው። ያ ድርሰት እዚያ አይሆንም። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ዩካስ አንዱን ረጅም ጽሑፍ ትቶ ሦስት ጥያቄ አድርጎታል፤ ይሄን ትምህርት ለምን መረጥክ፣ የተማርከው እንዴት አዘጋጀህ፣ ከትምህርት ቤት ውጪስ ምን አደረግህ። በድምሩ 4,000 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። የሮቦቱ ክበብ ቦታው እዚህ ነው። የተበላሸ ሞተር ፈትቶ ያየውን፣ ያልሠራለትንና ለምን እንዳልሠራ ይጻፍ። ጽሑፉ ለአምስቱም ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሆኖ ስለሚሄድ የአንዱን ስም እንዳይጠራ። ደግሞ ዩካስ ስለ ልጅሽ ማመልከቻ በስልክ ብትጠይቂው አይነግርሽም፤ ልጁ ራሱ ቅጹ ላይ አንቺን ከወከለሽ ብቻ ነው።

ስለ ደብዳቤው፣ መምህሩ ጋ አትደውዪ። ልጁ ራሱ በአካል ሄዶ ይጠይቅ፤ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ። እስካሁን ካልጠየቀ ነገ ጠዋት ይሂድ። አምና አንዲት እናት ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ አመጣችልኝ። ልጇ ግሩም ልጅ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ልጅ ግን አላውቀውም፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ለጓደኞቹ ስሌት የሚያስረዳው ልጅ እዚያ ውስጥ አልነበረም። መልሼ ሰጠኋት፤ በጣም ነው ያዘነችብኝ። ኮመን አፕ ልጁን "ደብዳቤውን የማየት መብትህን ትተዋለህ ወይ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ይተወው። እንደማይታይብኝ ሳውቅ ነው ነጻ ሆኜ የምጽፈው።


አንደኛ ዓመት፦

ጤና ይስጥልኝ እናቴ። እኔ አምና በልጅዎ ቦታ ነበርኩ። ከእርስዎ ጽሑፍ ላይ የራሴን እናት አየኋት፤ ለዚህ ነው የምጽፍልዎት።

እኔና እማዬ ኦክቶበር ላይ ተጣላን። በቀን አምስት ጊዜ "የት ደረስሽ?" ትለኛለች። መብራት ሳጠፋ እንኳ በሩን ከፈት አድርጋ "ያንን ላክሽው?" ከዚያ ተስማማን። እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ። በዚያ ሰዓት የፈለገችውን ትጠይቀኛለች፤ እኔም ሁሉንም እነግራታለሁ። በሌላው ቀን ስለ ማመልከቻ አይወራም። መጀመሪያው ረቡዕ ጥያቄው አፏ ላይ ደርሶ ስትውጠው አይቻታለሁ። ሳቄ መጣ፤ አቀፍኳት።

ያቺ እሁድ አንድ ጊዜ አድናኛለች። ማመልከቻው ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፖርታል፣ ማመልከቻው የት እንደደረሰ የሚታይበትን ገጽ፣ መክፈቻ በኢሜይል ይልካል። የአንዱ ኢሜይል ስፓም ውስጥ ገብቶብኝ ነበር። ትራንስክሪፕቴ አልደረሳቸውም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላወቅኩም። እማዬ የቀናት ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ይዛ "ከዚህኛው እስካሁን ምንም አልመጣም እኮ" አለችኝ። ሄደን ስፓሙን ከፈትነው። ለማመልከቻ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ቢከፍት፣ እርስዎ ደግሞ ቀኖቹን በወረቀት ቢይዙለት ጥሩ ነው። የይለፍ ቃሉን ግን አይጠይቁት።

ሌላው፣ የት የት እንዳመለከትኩ ለማንም አልተናገረችም። ዘመድ ሲደውል "ሲደርስ ራሷ ትነግራችኋለች" ትል ነበር። ያኔ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ቦታ "አልተቀበልንሽም" ሲሉኝ ነው የገባኝ። ለአሥራ አምስት ሰው ማስረዳት አልነበረብኝም።

ያን ሳምንት "ለበጎ ነው" አላለችኝም። "እነሱ ናቸው የቀረባቸው" አላለችኝም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ "ያማል" አለችኝ። ከዚያ ፀጉሬን ትሠራልኝ ጀመር። ስድስተኛው ተቀበለኝ፤ አሁን እዚያ ነው ያለሁት፤ ደስ ይለኛል።

ልጅዎ "እማ፣ አንብቢው" ብሎ የሰጠዎት እርስዎን ነው። ለጓደኛው አይደለም የሰጠው። እኔ ለእማዬ ድርሰቴን ያሳየኋት ከገባ በኋላ ነው።


የበኩር እናት፦

ተመልሼ መጣሁ። ስድስት ቀን ሆነ። አላህም እግዜርም ይስጣችሁ፤ እያንዳንዱን መልስ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

"የአንተን ነገር ወስጄ የእኔ አደረግኩት፤ ይቅርታ" አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። "ግን" ልትወጣ ነበር፤ ዋጥኳት። "እሺ እማ" አለኝ። የአሁኑ "እሺ" ከሰሞኑ ይለያል።

ገንዘቡን ባለፈው እሁድ ተናገርን። አባቱ ቁጥሩን ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ ወረቀቱን አየና "በጣም ያነሰ ነበር የመሰለኝ" አለ። ለካስ እሱ ስንት ወር ሙሉ ምንም የለንም ብሎ ሲጨነቅ ነበር። ከአሜሪካዎቹ ሦስቱን አወጣ፤ ለውጭ ተማሪ እርዳታ የሚሰጡ ሁለት አስገባ። ሲኤስኤሱን እኔ ይዣለሁ። ስሙን አስተያየሁ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ የአባቱ ስም አንድ ፊደል ይጎድለዋል። ትምህርት ቤቱ እያስተካከለው ነው። የሁለት አባት፣ አንተ ባትነግረኝ በምን አየው ነበር! ከመምህራኑ አንዱን ጠይቆ ነበር፤ ሁለተኛውን ሰኞ ጠየቀ። ራሱ ነው የሄደው።

መምህር፣ ስለ እህቱ ያልከውን ነገርኩት። ዝም አለ። ትላንት ማታ ክፍሏ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ልብስ አጥፍ ነበር፤ ልሰማ ብዬ አልቆምኩም፤ ግን ሰማሁ። ድርሰቱን እየተረጎመ አነበበላት። ሲጨርስ ብዙ ቆየች። ከዚያ "ልክ አይደለም" አለችው።

"የቱ ነው ልክ ያልሆነው?" አላት።

"'መ' ድሮ ነው። አሁን የሚይዘኝ..." ብላ ቆመች። ፊደሏ ላይ ደርሳ ነው የቆመችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ የታጠፈውን ሸሚዝ ይዤ ቆሜያለሁ። ፊደሏን አውቃታለሁ። እሱም ያውቃታል። ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ቆየች፣ ቆየች፤ ከዚያ "በ" አለች።

"እሺ፣ አስተካክለዋለሁ" አላት። ብዕሩ ወረቀት ላይ ሲጭር ሰማሁ።